ለሱቃችሁ ገበያ የሚያመጣ ቪዲዮ በስልክ እንዴት ይቀረጻል?

የመጀመሪያው የማስታወቂያ ቪዲዮዬ ያልያዘው ነገር አልነበረም። ጦሳ ተራራ አለ። ጭጋግ የለበሰችው ደሴ አለች። ልብ የሚያስደልቅ ሙዚቃ አለ። የሱቁ ስም በወርቃማ ፊደል እየተሽከረከረ ይመጣል። ሰው ወደደው። "አገሬ ናፈቀችኝ" የሚለውን ኮሜንት አንብቤ አልጨርሰውም ነበር። በዚያ ሳምንት ግን በቪዲዮው ምክንያት አንድም ጋቢ አልተሸጠም።

ሱቁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ የጋቢና የባና (ከበግ ፀጉር የሚሠራ ወፍራም ብርድ ልብስ) መደብር ነው። ባለቤቱን ሰፈሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል። ቪዲዮውን በእኔ ስልክ ሁለት ጊዜ አዩት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ልጄ፣ የምንሸጠው ተራራውን ነው እንዴ?" አሉኝ።

እንደገና ጀመርን። ከዚያ ወዲህ ለሐጂ፣ ሐይቅ ከተማ ዓሳ ለምትጠብስ ሴት፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በርና መስኮት ለሚበይድ ጓደኛዬ ስቀርጽ ቆይቻለሁ። ባለሙያ አይደለሁም። የምሠራውም በስልክ ነው። ከታች ከምነግራችሁ ውስጥ አብዛኛውን ያወቅሁት አበላሽቼ ነው።

አንድ ጥያቄ ምረጡ

ስልኩን ከማንሳታችሁ በፊት ደብተር አውጡ። ደንበኛ ሱቅ ገብቶ ደጋግሞ የሚጠይቀውን ጻፉ። ሐጂን ሰው ሁሉ "ይሄ የእጅ ፈትል ነው የፋብሪካ ክር?" ይላቸዋል። የሐይቋን ሴት "ዓሳው የዛሬ ነው?" ይሏታል። በያጁን ደግሞ "ላሜራው ውፍረቱ ስንት ነው?"

አንድ ቪዲዮ የአንድ ጥያቄ መልስ ይሁን። ከ30 እስከ 45 ሰከንድ ይበቃዋል። ጋቢውንም፣ ባናውንም፣ ነጠላውንም፣ የሱቁን ታሪክም አንድ ላይ ልክተት ካላችሁ ተመልካቹ የትኛውንም ይዞ አይሄድም። አምስት ጥያቄ ካላችሁ አምስት ቪዲዮ አላችሁ። የወሩን ሥራ አገኛችሁ ማለት ነው።

ስልኩን ማዘጋጀት

ሌንሱን በንጹህ ጨርቅ ጥረጉ። ላብና ቅባት የነካው ሌንስ ሁሉን ነገር ጭጋግ ያስመስለዋል፤ ለጭጋግ ደግሞ ደሴ ራሷ ትበቃናለች። ስልኩን በቁመቱ ያዙ። ቲክቶክም ሆነ የፌስቡክና የኢንስታግራም ሪልስ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። ጥራቱን 1080 ላይ አድርጉት። 4ኬ ላይ አትድከሙ። ስልኩን ይሞላዋል፣ ኤዲት ስታደርጉ ይንቀራፈፋል፣ ስትጭኑ ዳታ ይበላል። ተመልካቹ በስልክ ስክሪን ልዩነቱን አያይላችሁም።

ከዚያ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ይህችን እንዳትዘሏት። ሐጂ አንድ ቀን ስለ አባታቸው ባና እያወሩ፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ እየቀረጽኩ፣ የአክስቴ ልጅ ደወለ። ቀረጻው ተቋረጠ። ይድገሙልኝ አልኳቸው። ደገሙልኝ። የድጋሚው ግን የቀዘቀዘ ቡና ነበር።

ማቆሚያ ከሌላችሁ ጥሬ ቡና ወይም ሽምብራ የሞላ ጣሳ ውስጥ ስልኩን ሰካ አድርጉት፤ አይነቃነቅም። ሪንግ ላይት እኔ ገዝቼ ነበር። አሁን የእህቴ ልጅ መብራት ሲፈልግ ያጠናበታል። ድሮንስ? የምትሉ ትኖራላችሁ። ድሮን ፈቃድ ይጠይቃል፣ ኪራዩም ውድ ነው። ደግሞ የጋቢ ፈትል ከሰማይ አይታይም።

ብርሃን

ሱቅ ውስጥ የምናየው ትልቁ ስህተት ባለሱቁን ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ማቆም ነው። ከኋላው ያለው መንገድ ቦግ ይላል፤ የሰውየው ፊት ከሰል ይሆናል። አዙሩት። እሱ ፊቱን ወደ በሩ፣ እናንተ ጀርባችሁን ወደ መንገዱ። ከበሩ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ይግባ። ክፍት በር ከገዛሁት መብራት ሁሉ ይበልጣል።

የሱቁን አምፖል አጥፉት። የእኛ አገር ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይናችን አይለየውም። በሰከንድ 30 ምስል የሚያነሳው ስልክ ግን ይለየዋል፤ ቪዲዮው ላይ ጥቁር መስመር ሲንሸራተት ታያላችሁ። ማታ መቅረጽ ግድ ከሆነ ካሜራው ላይ "ፕሮ" የሚለውን ከፍታችሁ የሹተሩን ፍጥነት፣ ማለትም ካሜራው ለአንድ ምስል የሚከፈትበትን ጊዜ፣ 1/50 ወይም 1/100 ሰከንድ አድርጉት። ስልካችሁ ይህ ከሌለው ቀን ቅረጹ።

ውጭ ስትቀርጹ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሁን። 6 ሰዓት ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትሆንና የሰው ዓይን ጥላ ውስጥ ይገባል። የደሴን ክረምት ግን አትናቁት። ደመናው ብርሃኑን ስለሚያለዝበው ቀኑን ሙሉ መቅረጽ ይቻላል፣ ዝናቡ ከፈቀደ።

ነጭ ነገር ለምትሸጡ አንድ ነገር ልጨምር። ስልክ ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ እየመሰለው ያጨልማል። የሐጂ ጋቢ በመጀመሪያው ቪዲዮ በአመድ የታጠበ ይመስል ነበር። ስክሪኑ ላይ ጋቢው ያለበትን ቦታ በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ይቆለፋል። አጠገቡ የምትመጣውን የፀሐይ ምልክት ጥቂት ወደ ላይ ግፏት። ጥቁር ብረት ወይም ጥቁር ባና ከሆነ ወደ ታች።

ድምፅ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው የሚያበላሸው እዚህ ነው፤ እኔም ያበላሸሁት እዚህ ነው።

ባቲ ገበያው ሰኞ ነው። ከደጋም፣ ከቆላም፣ ከአፋርም ሰው ይመጣበታል። ሐጂ እዚያ ዕቃ የሚያስረክቧቸው ነጋዴዎች ስላሉ አንድ ሰኞ አብሬያቸው በሌሊት ወጣሁ። ቀኑን ሙሉ ቀረጽኩ። ሐጂ ሲከራከሩ፣ አንዱ ነጋዴ ባናውን ሲደባብስ፣ ዋጋ ሲቆረጥ። ምስሉ ልብ ይሰርቃል። ማታ ኮምቦልቻ ደርሰን ኤርፎን ሰካሁና ከፈትኩት። ሹሹሹሹ። ነፋስ ብቻ። ከዚያ ሁሉ ቀረጻ አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር አልወጣም። ለመድገም ደግሞ እስከሚቀጥለው ሰኞ መጠበቅ ነበረብን።

ከዚያ በኋላ የያዝኳቸው አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው ርቀት ነው። የስልኩ ማይክ ያለው ስልኩ ላይ ነው። እናንተ ሁለት ሜትር ርቃችሁ ስትቀርጹ የባለሱቁ ድምፅና በመንገድ የሚያልፈው ባጃጅ እኩል ይሰማሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ስልክ ፈልጉ። ድምፅ መቅጃውን ክፈቱና በተናጋሪው የደረት ኪስ ውስጥ፣ ጋቢ ከለበሰም እጥፋቱ ሥር አስቀምጡት። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ሲጀምሩ አንዴ አጨብጭቡ። ኤዲት ስታደርጉ የጭብጨባውን ምስልና የጭብጨባውን ድምፅ ታገጣጥማላችሁ፤ ሌላው ራሱ ይገጥማል። ከዚያ የምስሉን ስልክ ድምፅ ታጠፉታላችሁ። ለወራት የሠራሁት በዚህ ነው። በኋላ ደረት ላይ የምትሰካ ባለገመድ ማይክ ገዛሁ። ለዚህ ሥራ ካወጣሁት ገንዘብ ያልቆጨኝ እሷ ላይ ያወጣሁት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነፋስ ነው። ለማይክ የሚሸጥ ስፖንጅ አለ፤ እኔ ግን በእጄ የነበረውን ተጠቀምኩ። ሐጂ ሱቅ ውስጥ የማይጠፋ ነገር ባዘቶ ነው። ትንሽ ባዘቶ ማይኩ ላይ ሳሳ አድርጌ ጠቅልዬ በክር አሰርኩት። የሚያምር ነገር አይደለም፤ ማይኩ ጢም ያበቀለ ይመስላል። ልብስ ሥር ስለምትገባ ማንም አያያትም። የነፋሱን ድምፅ በደንብ ቀነሰልኝ። ተናጋሪው ጀርባውን ለነፋሱ ሰጥቶ ከቆመ ደግሞ የበለጠ ይቀንሳል።

ሦስተኛው ክፍሉ ነው። የሐጂ ሱቅ ውስጥ ድምፅ ጥርት ብሎ ይወጣል፣ ምክንያቱም ግድግዳው ሁሉ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ የገደል ማሚቶን ይውጣል። የጓደኛዬ ብየዳ ቤት ግን ቆርቆሮና ሲሚንቶ ነው። ሲናገር ጉድጓድ ውስጥ የገባ ይመስላል። ከሐጂ ሁለት ባና ተውሼ ከካሜራው ኋላና ከጎን ሰቀልኩ። ሌላ ቤት ሆነ። ባና ከሌላችሁ ብርድ ልብስም ፍራሽም ይሠራል።

አራተኛው፣ ከመቅረጻችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። የማን ጄኔሬተር ነው የሚጮኸው? አዛን ስንት ደቂቃ ቀረው? ቤተ ክርስቲያን በድምፅ ማጉያ የሚተላለፍ ነገር አለ? ባጃጅ ተራው የት ነው? ከዚያ የመጀመሪያዋን 10 ሰከንድ ቅረጹና እዚያው በኤርፎን ስሟት። ቤት ገብቼ እሰማዋለሁ ያለ ሰው እንደኔ ከባቲ ነፋስ ተሸክሞ ይመለሳል።

ሰውን ማናገር

ድምፁ ጠራ እንበል። ምን ይባልበት?

መጀመሪያ ለሐጂ ጽሑፍ ሰጠኋቸው። "ክቡራን ደንበኞቻችን፣ ድርጅታችን ጥራታቸውን የጠበቁ የባህል አልባሳትን በተመጣጣኝ ዋጋ..." ይላል። ቀኑን ሙሉ ሲቀልዱ የሚውሉት ሰውዬ ካሜራ ፊት ቆመው የቀበሌ ማስታወቂያ ሆኑ። እጃቸው ከጎናቸው ተለጠፈ። ዓይናቸው ጽሑፉ ላይ ቀረ። ወረቀቱን ቀደድኩት።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ቡና ይፈላል። ስልኩ ከአቦል ጀምሮ ጣሳው ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል፤ እንደምቀርጽ ተናግሬያለሁ፣ ግን ማንም "ጀመርን" አይልም። አቦል ላይ ሰው አሁንም ካሜራውን ያስባል። ቶና ላይ ይረሳዋል። የምቀርጸው ያኔ ነው። የደነገጠውን ሰው እንደ አገራችን ወግ አብሽር እለዋለሁ። ካሜራውን ሳይሆን እኔን እያየ ያወራል፤ እኔ ከስልኩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ጥያቄውም ወሳኝ ነው። "ዕቃችሁን ከሌላው ምን ይለየዋል?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "ጥራት" ነው። ሁሉም ጥራት ነው የሚለው። ይልቅ የሆነ ነገር እንዲተርኩ ጠይቁ። ሐጂን "ሰሞኑን ሌላ ቦታ ተታሎ የመጣ ደንበኛ ነበር?" አልኳቸው። ስኒያቸውን አስቀመጡ። ተነስተው ሁለት ጋቢ አመጡና ክሩን በጣታቸው ከፈት አድርገው አሳዩኝ። "ይኸው፣ የእጅ ፈትል ወፈር ቀጠን ይላል። የሰው እጅ ነዋ! ይሄኛውን እየው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው። ማሽን መች ይደክመዋል?" አሉ። ከዚያ ጋቢውን አጣጥፈው አራት ድርብ መሆኑን ቆጠሩልኝ።

ቪዲዮው ያ ነው። ሌላ ምንም አላስፈለገውም። ተመልካቹ ገበያ ሲወጣ ክሩን በራሱ ጣት የሚፈትሽበትን ነገር አገኘ፤ ያስተማረውን ሰው ደግሞ ያምናል።

አነጋገራቸውን አታርሙ። የወሎ ለዛ ያለውን ሰው የአዲስ አበባ ማስታወቂያ አንባቢ ለማስመሰል ስትሞክሩ ሁለቱንም ታጣላችሁ። መሳቁንም፣ "እ..." ማለቱንም ትንሽ ተዉለት።

ሌሎቹ ምስሎች

አምስት ምስል ይበቃል። ሥራ ላይ ያለ እጅ፣ ፊት፣ ዕቃው በጣም ከቅርብ፣ ዕቃው ሰው ላይ ወይም ጥቅም ላይ ሲውል፣ የሱቁ መግቢያ። እያንዳንዱን ሳትንቀሳቀሱ 5 ሰከንድ ያዙ። በጣት ዙም አታድርጉ፤ በእግራችሁ ቅረቡ።

ቪዲዮውን ድምፅ ባለው እጅ ጀምሩ። የሸማኔው መወርወሪያ ድሩን ሲያቋርጥ። ዓሳው ዘይት ውስጥ ሲገባ ቸስ ሲል። ብረት በሞረድ ሲሞረድ። የብየዳውን ብልጭታ ግን ፊት ለፊት አትቅረጹ፤ ካሜራውንም ዓይናችሁንም ይጎዳል።

ሌላ ሰው ካሜራ ውስጥ ከገባ አስፈቅዱ። በተለይ ገበያ ላይ፣ በተለይ ሴቶችንና ልጆችን። ባቲ ላይ አንድ ግመል ነጂ ሳላስፈቅደው ስቀርጽ ዱላውን ሳያነሳ በዓይኑ ብቻ አባረረኝ። ትክክል ነበር።

ኤዲትና ጽሑፍ

እኔ የምጠቀመው ካፕከት የሚባል የኤዲት አፕ ነው፤ ሌላም ካላችሁ ይሠራል። ሰላምታውን ቁረጡ። "ሰላም ጤና ይስጥልኝ ውድ ተመልካቾቻችን" እስኪያልቅ ሰው በጣቱ አሳልፏችኋል። የመጀመሪያዎቹ 3 ሰከንዶች ላይ እጁ ወይም ጥያቄው ይኑር።

ብዙ ሰው ድምፅ አጥፍቶ ነው የሚያየው፤ ታክሲ ውስጥ ነው፣ ቢሮ ነው። ስለዚህ ንግግሩን ከታች በአማርኛ ጻፉት። በእጅ ነው የምጽፈው፤ የሁለት ቡና ጊዜ ይወስዳል። የመጀመሪያውን ስጽፍ ነጭ ፊደል በነጭ ጋቢ ላይ ጽፌ ሐጂ "የት አለ ጽሑፉ?" ብለውኛል። ከፊደሉ ኋላ ጥቁር መደብ አድርጉ። ከስክሪኑ እታች ጫፍና ከቀኝ ጠርዝ ደግሞ ራቁ፤ እዚያ የላይክና የሼር ቁልፎች ይሸፍኑታል።

የታወቀ ዘፋኝ ዜማ ከሥሩ አትክተቱ። የሰው ንብረት ነው፤ መድረኮቹም ድምፁን ሊያጠፉባችሁ ይችላሉ። እኛ አገር ደግሞ ዜማ አይቸግርም፤ ባቲና አምባሰል የሚባሉት ቅኝቶች ስማቸው የዚሁ የወሎ ነው። የሰፈራችንን ማሲንቆ ተጫዋች ከፍዬው ግማሽ ደቂቃ አምባሰል ሐጂ ሱቅ ውስጥ ቀዳሁ። እስካሁን እሷን ነው የምጠቀመው፣ ከንግግሩ በጣም ዝቅ አድርጌ።

ዋጋ

"ዋጋ በውስጥ መስመር" አትበሉ። ስለዚህ ነገር ከብዙ ባለሱቅ ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። ተፎካካሪ እንዳያይ ነው ይላሉ። ተፎካካሪማ ልጁን ልኮ ያስጠይቃል። የማይጠይቀው ደንበኛው ነው፤ ተወዶ ይሆናል ብሎ ያልፋል። ዋጋው የሚለያይ ከሆነ "ከዚህ ብር ጀምሮ" በሉ። መጨረሻ ላይ ስልክ ቁጥሩና ሱቁ ያለበት ቦታ ቢያንስ ለ5 ሰከንድ ይታይ። ቦታውን ሰው በሚያውቀው ምልክት ንገሩት።

መለጠፍ

ቪዲዮውን ከስልክ ወደ ስልክ በቴሌግራም ስትልኩ በፋይል መልክ ላኩት። በተራው መንገድ ከላካችሁት ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል። ከለጠፋችሁ በኋላ የሚደውለውን ሁሉ "የት አይተኸን ነው?" ብላችሁ ጠይቁና ደብተሩ ላይ ጻፉ። የላይኩን ቁጥር እኔ ማየት ትቻለሁ፤ የጦሳው ቪዲዮም ላይክ ነበረው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የፈትሉን ቪዲዮ የቀረጽኩት በሐጂ በራሳቸው ስልክ ነበር፤ ካሜራው ከእኔ ይሻላል። ጨርሼ በገመድ ወደ እኔ ስልክ አዛወርኩት፣ ቆርጬ ማታውን ለጠፍኩት። በማግስቱ እስከ ቀትር ማንም አልደወለም። ሐጂ ስልክ የሚያነሱ እንጂ የሚደውሉ ሰው ስላልሆኑ ምንም አልጠረጠሩም። እኔ ግን ሆዴ ባባ። ወደ 8 ሰዓት ገደማ አንዲት ሴት ከኮምቦልቻ ድረስ መጥታ ገባች። ሰላምታም ሳታስቀድም፣ "ሐጂ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ እኮ ስልክዎ አይሠራም!" አለቻቸው።

ሁለት ጋቢ ይዛ ሄደች። ሐጂ እኔንም ስልኩንም ተራ በተራ አዩን። አሁን ቀረጻ ጨርሼ ዕቃዬን መሰብሰብ ስጀምር ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ "ልጄ፣ አውሮፕላኑን አሳርፈው" ይሉኛል።